ማን ይብሳው?

አምባ ጊዮርጊስ ላይ አሮጌ ዕቃ ማግኘት ከባድ ነው። ያረጀ ዕቃ ሞልቷል፤ የጠፋው ማርጀቱን የሚያምንለት ሰው ነው። አዲስ አበባ ያለ ቡና ቤት በረንዳው ላይ ቀይና ቢጫ የተቀባ ጎማ ደርድሮ ጽጌረዳ ሲተክልበት፣ ጎማውን «በቃህ» ያለው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። እኛ ዘንድ ግን ይጠየቃል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ኮሶዬን አልፎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ነፋስና ውርጭ ተራ ገብተው በሚጎበኙን የወገራ ምድር፣ ዕቃ ጡረታ አይወጣም። ከአንዱ የሥራ መደብ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ።

እንስራን ውሰዱ። እንስራ ሲሰነጠቅ ውሃ መቅዳቱን ይተዋል እንጂ ሥራ አይፈታም። ስንጥቁ በእበት ይመረግና ለዘር የተለየ ባቄላ ይቀመጥበታል። አንገቱ ሲሰበር ገለባ ይጎዘጎዝበትና ዶሮ ትታቀፍበታለች። ወገቡ ላይ ሲከፈል የታችኛው ግማሽ የዶሮ ውሃ መጠጫ ይሆናል፤ የላይኛው ተፈረካክሶ ገል ይሆንና ከጎረቤት እሳት ይጫርበታል፣ በበዓል ቀን ደግሞ ዕጣን ይጨስበታል። ገሉ ሲደቅ «አሁንስ አበቃ» ስትሉ፣ አንዳንዷ ሸክላ ሠሪ ፈጭታ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ትለውሰውና እንደገና እንስራ ሆኖ ይመጣል። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል አበባ የሚተከልበት ክፍት ቦታ የት ላይ ነው?

እንስራን ከሴቶች ጀርባ ያወረደው ቢጫው ጀሪካንም ከዚህ የተሻለ ዕረፍት የለውም። ጀሪካን ሲወለድ ብረት ነበር። የጀርመን ጦር በ1930ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ነዳጅ ሊይዝበት ያሠራው ባለ 20 ሊትር ዕቃ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ የነበሩት ጠላቶቹ እንግሊዞች ናቸው። ፕላስቲክ ሆኖ፣ ቢጫ ለብሶ፣ የምግብ ዘይት ተሞልቶ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ጦርነቱ ገና ተጀመረበት። ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል፤ ለድግስ ጠላ ይጓጓዝበታል፤ አንድ ጊዜ ነጭ ጋዝ ከገባበት ወደ ውሃ መመለስ ስለማይችል እዚያው ይቀራል። ጎኑ ሲነድል ለሁለት ይቆረጣል። የታችኛው እህል መስፈሪያ ወይም የሚስማርና የመዶሻ ማስቀመጫ ይሆናል፤ የላይኛው ተዘቅዝቆ ከዕቃ ወደ ዕቃ ማንቆርቆሪያ ነው። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ጀሪካን ሰው ነው፦ ባለቤቱ ቤቱ ገብቶ ሲተኛ እሱ ቦኖው በር ላይ ቆሞ ይሰለፍለታል። ወረፋ የሚጠብቅልህን ፍጡር ምን ብለህ ነው ሰላጣ የምትተክልበት?

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። በዕቃ ውስጥ ተክል ለማብቀል አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ የዕቃው ቂጥ መበሳት አለበት። ለእኛ አገር ደግሞ ሕጉ ይጠብቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ዳገቱን ቀንና ሌሊት ሲያጥበው፣ ያልተበሳ ጣሳ ውስጥ ያለ አፈር ረግረግ ይሆናል፤ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ ደግ ሰው አይጠፋም፤ የጠማው መስሎት ውሃ ይጨምርለታል። ስለዚህ ረዘም ያለ ሚስማር እሳት ውስጥ ይግላል፣ በጉጠት ይያዛል፣ ፕላስቲኩ ቂጥ ላይ ጫን ሲያደርጉት «ጭስ» ይልና ቀዳዳ ይወጣል። ቀዳዳው ላይ አፈሩ እንዳይሾልክ ገል ይደፋበታል፤ ከገሉ በላይ ጠጠር፣ ከጠጠሩ በላይ በደንብ የበሰበሰ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር። ሥራው ይኸው ነው፤ አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ቀኑን የሚፈጀው ሚስማሩ እሳት ውስጥ እያለ የሚነሣው ክርክር ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?» ትላለች እናቴ።

«ልበሳው ነው።»

«ምኑን?»

«ባልዲውን።»

«ደኅናውን ባልዲ?»

«ማንጠልጠያው የለም እኮ፣ እማዬ። ዳሩም ተሰንጥቋል።»

«ቂጡ ግን ደኅና ነው።»

እዚህ ላይ መልስ የለም። ቂጡ ደኅና የሆነ ዕቃ በሕይወት አለ። ማንጠልጠያ ጌጥ ነው፣ ዳር ጌጥ ነው፤ ቂጥ ግን ነፍስ ነው።

«ለአመድ ይሆናል» ትቀጥላለች።

«ለአመድ ያ ሳፋ አለ።»

«እሱ ለዶሮ ጥሬ ነው።»

«ለዶሮ ጥሬ ያ ሰሃን ነበረ።»

«እሱማ እንግዳ ሲመጣ እንፈልገዋለን።»

ዶሮዋ የምትበላበት ሰሃን እንግዳ ሲመጣ ለምን እንደሚፈለግ ለማብራራት ጊዜ የለም፤ ምክንያቱም የላይ ቤቷ ሴትዮ ከበር ብቅ ብለዋል። ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ መጀመሪያ ሚስማሩን፣ ቀጥሎ ባልዲውን፣ በመጨረሻ እኔን ያያሉ።

«ኧረ እናንተየ፣ ልትበሱት ነው? እኔ እኮ እሱን ልዋስ ነበር የመጣሁት፣ ልጀ።»

ሚስማሩ ይቀዘቅዛል።

እናቴን ክፉ አድርጌ አልስላት። ክርክሯ ጠንካራ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ መንገድ በተዘጋበት ወር፣ የፕላስቲክ ባልዲ ዋጋ እንደ ልቡ በተሰቀለበት ሰሞን፣ ቆጥ ላይ ያለው «ለምን እንደሚሆን ያልታወቀ» ዕቃ ሁሉ ለምን እንደሚሆን ሲታወቅ አይታለች። ተሰንጥቆ ተገፍቶ የነበረ ስንት ሳፋ ለሰርግ ተጠርቶ ሄዷል። ያልተበሳ ዕቃ ተስፋ አለው፤ የተበሳ ዕቃ አበባ ብቻ ነው ያለው።

ደግሞ ሳይበሱ መትከልም አያዋጣም። ቂጡ ደኅና የሆነ ጀሪካን ደጅ አድሮ ጠዋት ሲፈለግ፣ አፈሩና ተክሉ የጀሪካኑን ቅርጽ እንደያዙ ቆመው ይገኛሉ፤ ጀሪካኑ የለም። ሌባው ጨዋ ነው፣ ለአበባው አዝኗል። ስለዚህ ቀዳዳው ሁለት አገልግሎት አለው፦ ውሃ ያስወጣል፣ ሌባ አያስገባም።

ሰዉ በዚህ ምክንያት ብልሃት አበጀ። እኛ ከመብሳት ይልቅ ተበስቶ የመጣውን መጠበቅ እንመርጣለን። «እግዜር የበሳው» ላይ ማንም ክርክር አያነሣም። በአምባ ጊዮርጊስ ግቢዎች ውስጥ አበባ ተተክሎባቸው የምታዩዋቸውን ዕቃዎች ብትገለብጧቸው አብዛኞቹ በዝገት ያለፉ ናቸው። የወተት ዱቄት ጣሳ አለ። የቲማቲም ድልህ ጣሳ አለ፤ እሱም ገበያ ላይ በርበሬ ሲሰፍር ኖሮ ቂጡ ሲሳሳና ስፍሩ ሲያጠራጥር የተባረረ ነው። የእርዳታ ዘይት ጣሳም አለ፤ ጎኑ ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች የተሳሉበት። ያን ጣሳ ይልክ የነበረው የአሜሪካ ድርጅት በ2017 ዓ.ም ተዘግቷል፤ እጆቹ ግን አንድ ግቢ አጥር ሥር እስከ ክንዳቸው ዝገው፣ ከላያቸው ጤና አዳም አብቅለው፣ እስካሁን እንደተጨባበጡ ናቸው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ፖፖ ነው። የሕፃን ፖፖ ቅርጹ ለአበባ የተሠራ ይመስላል፤ ጆሮ አለው፣ ከንፈሩ ሰፊ ነው፣ ቀለሙ ደማቅ ነው። ልጅ ሲያድግ ደግሞ ለሌላ ሥራ የሚመኘው የለም፤ ቢበሳም የሚሟገትለት አይገኝም። አንድ ጎረቤታችን በዚህ ብልጠት ተጠቅሞ በሰማያዊ ፖፖ ጤና አዳም ተከለ። ተክሉ አምሮ ወጣ፤ በመንደሩ እንደሱ የለመለመ አልታየም። ጎንደሬ ደግሞ ቡናውን ያለ ጤና አዳም አይወድም። እስካሁን ግን ከዚያ ፖፖ አንዲት ዘለላ ቀጥፎ ስኒው ላይ ያስቀመጠ ሰው የለም። ፖፖው አምስት ጊዜ ታጥቧል ብሎ ቢምልም፣ እንግዶች ሁሉ ያንን ግቢ ሲረግጡ ቡና ያለ ጤና አዳም መጠጣት ይጀምራሉ። ተክሉ ሳይቀጠፍ ቁጥቋጦ ሆኖ ዛሬ የግቢው ዋና ጌጥ ነው።

ጎማ የተለየ ዕድል አለው። ሲሠራ ጀምሮ ቂጥ የለውምና ክርክር አያስነሣም። በዚያ ላይ ለውርጭ አገር ተስማሚ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ብርዱ መሬት ላይ ይተኛል፤ ቆርቆሮ ጣሳ ስስ ስለሆነ ቀን ቶሎ ይሞቃል፣ ማታ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዝና ሥሩን ያስደነግጠዋል። ሸክላው ላቡን እየተነፈሰ አፈሩን ይበልጥ ያበርደዋል። ጎማ ግን ወፍራምና ጥቁር ነው፤ ብዙ አፈር ይይዛል፣ የቀኑን ፀሐይ ጠጥቶ ቀስ ብሎ ይለቃል። ከቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ከክፈፉ ሥር አድርገው ማታ ማታ ጆንያ ጣል ካደረጉበት፣ ቀጭን ተክል እንኳ ጥርን ይሻገራል። ጎማ የሌለው ሰው ጣሳውን ማታ ወደ ቤት ያስገባል። ጤና አዳም ከጥጃ ጋር የሚያድርባቸው ቤቶች አውቃለሁ፤ ጠዋት ላይ ጥጃው ነው ደስ የማይለው።

ግን ጎማም ቢሆን ዝም ብሎ አይገኝም፤ የሚሻሙት አሉ። ከጎንደር ደባርቅ የሚመላለሰው የጭነት መኪና ጎማ ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚደርስበት በረባሶ ሠሪው ነው። በረባሶ ከጎማ ተቆርጦ፣ በጎማ ማሰሪያ ተጠፍሮ፣ ድንጋዩን ዳገት ስንቱን ገበሬ ያስወጣ ጫማ ነው። ቤተልሔም ጥላሁን በ2004፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ላይ «ሶል ሬብልስ»ን ስትመሠርት ይህንኑ የጎማ ሶል ይዛ ነው ፈረንጅ አገር ድረስ የሸጠችው። የእኛዎቹ በረባሶ ሠሪዎች ይህን ከሰሙ ወዲህ ጎማ ለአበባ የሚጠይቃቸውን ሰው የሚያዩበት ዓይን ተለውጧል። የጎማው ውስጥ ብረት፣ ቸርኬው፣ ደግሞ ትምህርት ቤት ግቢ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ደወል ይሆናል። መኪና ላይ ሳለ ሰው ያንቀሳቅስ ነበር፤ አሁንም በሰዓቱ ሲመታ ያንቀሳቅሳል።

በቅርብ ዓመታት መንግሥትም በነገሩ ገብቷል። የከተማ ግብርናና የሌማት ትሩፋት በየስብሰባው መነሣት ከጀመሩ ወዲህ፣ በየከተማው የመሥሪያ ቤት አጥር ላይ አግድም የተሰቀለ ጀሪካን ውስጥ ሰላጣና ቆስጣ ማየት ተለመደ። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ጠባብ ግቢ ላለው ሰው ግድግዳ መሬት ሊሆነው ይችላል። እናቴን ይዤ ግን በአንዱ መሥሪያ ቤት በኩል ማለፌ ጥሩ አልነበረም። ጀሪካኖቹ አዳዲሶች ነበሩ። የአንዳንዱ መለያ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ለዓላማው ተብለው ተገዝተው፣ ወገባቸው በምላጭ ተሰንጥቆ፣ በረድፍ ተሰቅለዋል። እናቴ አጥሩን ይዛ ቆመች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እነዚህ ሰዎች እናት የላቸውም?» አለችኝ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢያያት ይህ አነጋገሯ ይገባዋል። እዚያ አንድ የተጣመመ ሚስማር ሳይቃና አይሸጥም፤ ሳይሸጥም አይቀርም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ የወለቀ የኮምፒውተር ቦርድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ቁልፍና ቆርኪ እየገጣጠመ የሠራቸው ሥራዎች በውጭ አገር ትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅለዋል። እሱና መስከረም አሰግድ አዲስ አበባ መካኒሳ የገነቡት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም ተከፍቶ፣ የጭቃ ቤትና የአትክልት ግቢ ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል ከተሜውን አሳይቶታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ጥበቡ ብቻ አይደለም። ኤልያስ ያን ሁሉ ሽቦና ቦርድ ከመርካቶ ገዝቶ ማምጣቱ ነው። በዚህ አገር ቆሻሻ በነፃ ያገኘ ሠዓሊ የለም።

በነፃ ያገኘ ዛፍ ግን አለ። ጎንደር ወርዳችሁ ጥር 11 ጥምቀት ወደሚከበርበት ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ብትሄዱ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን የታነፀውን የድንጋይ አጥር የሾላ ዘመዶች ሥሮች ተጠምጥመውበት ታያላችሁ። በአካባቢያችን ካሉት የአሮጌ ዕቃ ተክሎች ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው። ማንም ሚስማር አላጋለለትም፤ ወፍ ዘር ጣለች፣ ዛፉ ራሱ በሳው። አሁን ሥሩ ድንጋዩን ይዞታል፣ ድንጋዩም ሥሩን፤ ማን ማንን እንዳቆመ ለመለየት አንዱን መንቀል ይጠይቃል። እናቴ ስታየው ግን «ግንቡ ደኅና ነበር» ብላ አለፈች።

ጠርሙስን በአጭሩ ልለፈው። የአበባ መደብ ዙሪያውን አፉን ወደ መሬት በቀበሩት ጠርሙስ ማጠር በየከተማው የታወቀ ጌጥ ነው። የቢራ ጠርሙስ ግን ተመላሽ ነው፤ ሣጥኑ ሲጎድል ማስያዣው ይቀልጣል። ዳሸን ቢራ እዚሁ ጎንደር ስለሚጠመቅ ጠርሙሱ ሞልቷል፤ ሆኖም ግቢ ውስጥ በቢራ ጠርሙስ የታጠረ መደብ ያየ የግሮሰሪ ባለቤት ቆሞ ይቆጥራል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ መደብ የሚታጠረው በአረቄና በወይን ጠጅ ጠርሙስ ነው፤ የግቢው ጌታ ምን እንደሚጠጣ ለመንገደኛ ሁሉ ይናገራል። ቆርኪው ለጌጥ አይተርፍም። ዳማ መጫወቻ ነው፤ ቆርቆሮ ሲመታም ከሚስማሩ ራስ ሥር ይገባል።

የአባቴ ጉርድ በርሜል ከእነዚህ ሁሉ በላይ ነው። አባቴ «የጣሊያን ነው» ይላል። በእኛ አገር ጠንካራ ብረት ሁሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን በኅዳር 1934 ዓ.ም ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ በየአምባው ጥሎት የሄደው ብረት፣ በሽማግሌዎች አነጋገር ብንሄድ፣ ሮማን እንደገና ያስገነባል። በበርሜሉ ጎን ላይ የሚታየውን የዐረብኛ ጽሑፍ እናያለን፤ ዝም እንላለን። አባት ነው።

በርሜሉ ቂጡ ላይ እግዜር ሦስት ቦታ በስቶት ተገኘ። ቤተሰቡ ተሰበሰበ፣ ተገለበጠ፣ በብርሃን ታየ፤ ብርሃኑ በሦስቱም በኩል ገባ። እናቴ በጣቷ ነካክታ፣ ከንፈሯን መጥጣ ፈቀደች። ከግቢው መሀል ቆሞ ጽጌረዳ ተተከለበት። ጠጠሩ ገባ፣ ፍጉ ገባ፣ ውርጩን አለፈ። ቀይ አበባ አወጣ። አባቴ ማታ ማታ በርጩማውን አጠገቡ አድርጎ መቀመጥ ጀመረ።

ጥር ሲገባ የላይ ቤቷ ሴትዮ ልጅ ሊድሩ ኖሮ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ።

«ልጀ፣ ለሰርጉ ውሃ ማሞቂያ በርሜል ቸግሮን ነበር...»

«አበባ አለበት እኮ፣ እትየ» አልኳቸው።

«አይ፣ አበባውንማ ለብቻው እናስቀምጠዋለን።»

«ቂጡም ቀዳዳ ነው።»

እናቴ ከማጀት ወጣች። ለሰርግ የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም፤ ይህ ክርክር የማይነሣበት ሌላ ሕግ ነው። ጽጌረዳው ከነአፈሩ ጆንያ ላይ ዋለ፤ በርሜሉ በሁለት ጎረምሳ ተይዞ ዳገቱን ወጣ።

ሰርጉ አለፈ፣ መልሱ አለፈ፣ በርሜሉ ተመለሰ። ታጥቦ፣ በአሸዋ ተፈግፍጎ፣ አብረቅርቆ። ሴትዮዋ ከኋላው ደስ ብሏቸው ቆመዋል።

«አሁንማ እንዳትቸገሩ ብዬ ቀዳዳውን በያጅ ዘንድ ወስጄ አስበየድኩላችሁ።»

እናቴ በርሜሉን ገለበጠችው። ወደ ፀሐይ አነሣችው። አንድም ብርሃን አልገባም። በመዳፏ ቂጡን መታ መታ አደረገችው፤ ድምፁ ሙሉ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያም ጆንያው ላይ ወዳለው ጽጌረዳ ዞረች።

«እሱን ሌላ ቦታ ፈልግለት» አለችኝ።